የባለጆሮው ስፒከሮች

ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል ሠርቶ ምን ይሸለማል? የእኔ አባት አፍ የሌለው ዘፋኝ ተሸለመ።

እውነቴን ነው። የባቡር ጣቢያው የሽልማት ኮሚቴ አንድ ሸክላ ማጫወቻና አንድ አምፕሊፋየር በሪባን አስሮ ሰጠው። ስፒከር የለም። ሸክላው ይዞራል፣ መርፌዋ ትሄዳለች፣ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ድምፅ ግን ወፍ የለም። አባቴ «ስፒከሩስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ክንዱን ይዞ፣ «የአንተን ጆሮ የሚያህል ጆሮ እያለ እኛ ደፍረን ስፒከር እንምረጥልህ? ነውር አይሆንም?» አለው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከኩራት ብዛት ቁመቴ አንድ ስንዝር የጨመረ መሰለኝ። ኮሚቴው ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ኪሱ ተራግፎ እንደነበር የገባኝ፣ ካደግኩ በኋላ ኮሚቴ የሚባለውን ፍጡር በቅርብ ሳየው ነው።

የአባቴን ሥራ ልንገራችሁ። የባቡር ጎማ ብረት ነው። ብረት ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ያልፋል። ደህናው ጎማ «ቅጭልልል» ይላል፤ ጩኸቱም ቶሎ አይሞትም። የተሰነጠቀው «ዷ» ብሎ ዝም። በቃ፣ ሙያው ይኸው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ አባቴ «ይሂድ» ያለው ባቡር አንድ ጎማ ተሰብሮበት አያውቅም። ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም። አለቃውም፣ ጎረቤቱም፣ ዳቦ ሻጩም «ባለጆሮው» ነው የሚሉት። እኔም «የባለጆሮው ልጅ» ስባል አንገቴ እንደ ሰጎን ይረዝማል።

እናቴ መስኮት ሥር የስፌት ማሽን ነበራት፤ የሆስፒታል አንሶላ ትዘመዝማለች። ነገሩ በእሷ ቢሆን ኖሮ በሦስት ቀን ያልቅ ነበር። «ወንድሜ ይሠራልናል» አለች። ወንድሟ አናጢ ነው። ከአንድ አሮጌ ቁም ሳጥን በር ሁለት ሣጥን አበጀ፤ ውስጡን ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ካገኘው ዕቃ ሞላው፤ ፊቱን በእናቴ የተረፈ መጋረጃ አለበሰውና ተሸክሞ መጣ። ሲያዩት ስፒከር ሳይሆን እግሩን ያጣ ኮመዲኖ ይመስላል። ሸክላ ሲገባበት ግን ዘፋኟ ወንበር ስባ አጠገባችሁ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። እናቴ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ላይ አንስታ፣ «እህ! ይሄ ነው!» አለች።

አባቴ ግን፣ «ዘመድ የሠራውን ሰው በሆዱ ነው የሚሰማው» ብሎ ከከተማ ነጋዴ አስጠራ። ሰውየው ክራቫቱን እስከ ማንቁርቱ ያጠበቀ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ሁለት ነጫጭ ስፒከሮችና አንድ ወረቀት የያዘ ነበር። እኛ ቤት ስሙ እስከ ዛሬ ባለወረቀቱ ነው።

«ጌታዬ» አለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ፣ «ይቺን መስመር ይመልከቷት። ቀጥ ያለች ናት። ቀጥ አለች ማለት ስፒከሩ ከራሱ አይጨምርም፣ ከራሱ አይቀንስም። የሰጡትን እንዳለ ያወጣል። ሐቀኛ ነው።»

«ባል ቢሆን እንዴት ደስ ይል ነበር» አለች እናቴ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

አጎቴ ወረቀቱን አነሳና ገለበጠው። «እንዲህ ስይዘውስ?»

«ገልብጠውታል እኮ።»

«መስመሩ ግን ያው ቀጥ እንዳለ ነው።»

«ጥራቱ ነዋ!» አለ ባለወረቀቱ ምንም ሳይደነግጥ። «ይልቅ የእርስዎ ሣጥኖች ወረቀታቸው የታለ?»

«የእኔ ሣጥን ወረቀት የለውም። ጆሮ ያለው ይሰማል።»

«እሱ የግል ምርጫ ነው፤ ጣዕም እንደየሰው ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ልክ ነው።»

አባቴ ልክ የሚለው ቃል ሲነሳ ጀርባው ይቃናል። «ልክ የሆነውን ነው የምፈልገው» አለ። «የሚጥምማ ስኳርም ይጥማል።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሻይህን ያለ ስኳር ትጠጣለህ» አለች እናቴ።

ያ ወረቀት የሌላ ስፒከር ወረቀት እንደነበር፣ እሱም ብቻ ሳይሆን ሰውየው ለፋርማሲው ባለቤትም፣ ለጥርስ ሐኪሙም ያንኑ ወረቀት እያሳየ እንደሸጠ አጎቴ ያወቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግን ወረቀት ነው፤ መስመር አለበት፤ ክራቫት ያሰረ ሰው ይዞታል። ማን ይከራከራል? ዛሬም ቢሆን ማን ይከራከራል?

ሁለቱም ጥንድ ለአንድ ሳምንት እኛ ቤት ይቆዩ ተባለ። ያን ሳምንት ቤታችን ቤት አልነበረም። አባቴ ከስፒከሮቹ እስከ ወንበሩ ድረስ በሲባጎ ለካ፤ ወንበሩ ከዚያ ነጥብ እንዳይነቃነቅ እግሮቹ የሚያርፉበትን መሬት በጠመኔ አከበበ። «ግድግዳው ድምፅ ይመልሳል» ብሎ ፎቶዎቹን አወረደ። «መጋረጃው ድምፅ ይጠጣል» ብሎ መጋረጃውን አወለቀ፤ አላፊ አግዳሚው ስንበላ እያየን ያልፍ ጀመር። የእናቴ ማሽን «ይንቀጠቀጣል» ተብሎ ወደ ኩሽና ተሰደደ። እሷም አንሶላዋን ከድስቱ ጎን እየዘመዘመች፣ «ልክ የሚባለው እንግዳ ገብቶ ባለቤቷን አስወጣት» ትላለች። እኔ በጣም አዘንኩባት። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ አባቴ ያውቃል፣ እናቴ ትወዳለች። መውደድ ደግሞ ጆሮ ላልታደለ ሰው የተሰጠ ካሣ ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ ማለት ይቺ ናት እንግዲህ፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ የምትጠርግ።

እሁድ ከሰዓት የመጨረሻው ፈተና ተባለ። አጎቴ መጣ፣ ባለወረቀቱ መጣ። ሁሉም ዘፈን ሊሰማ ተመቻችቶ ሲቀመጥ አባቴ ከጣቢያው የተዋሰውን ቴፕና አንድ የቴፕ ክር አወጣ። ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ የተቀዳ ነው፤ መጀመሪያ የደህና ጎማ ምት፣ ቀጥሎ የተሰነጠቀ ጎማ ምት።

«ዘፈን የለም እንዴ ጋሼ?» አለ አጎቴ።

«ዘፈን ለፈተና አይሆንም። ዘፋኙ ራሱ ሲዋሽስ? ጎማ አይዋሽም።»

ባለወረቀቱ፣ «ወይ ሳይንስ!» ብሎ አጨበጨበ። ብቻውን ነበር ያጨበጨበው።

መጀመሪያ በአጎቴ ሣጥኖች ተሰማ። «ቅጭልልል» አለ ቤቱ፤ ከዚያ «ዷ»። ባቡር ሳሎናችን ገብቶ የቆመ ያህል ነው። አባቴ በጠመኔው ክብ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ተቀምጧል። «ድገመው» አለ። ተደገመ። «እንደገና» አለ። ሦስተኛው ላይ እጁን አነሳ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«ምን አልክ ጋሼ?» አለ አጎቴ።

«ይሄ ሣጥን የታመመውንም ጤነኛውንም አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው። አትቀየመኝ አማቼ፤ ሣጥንህ ውሸታም ነው።»

እኔ ሁለቱን ለየብቻ፣ ጥርት አድርጌ ሰምቻቸው ነበር። ግን ባለጆሮው አንድ ናቸው ካለ አንድ ናቸው፤ የተሳሳተው የእኔ ጆሮ ነው ማለት ነው። አፈርኩበት። ጆሮዬን በሻሽ ሸፈንኩት።

ከዚያ ነጫጮቹ ስፒከሮች ተራቸው ደረሰ። አባቴ እንደ መጀመሪያው ትንሽ ሰማና ፊቱን አጠቆረ፤ ተነስቶ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችውን የቀጭን ድምፅ ቁልፍ ቀስ እያለ አዞራት። እስከ መጨረሻዋ አዞራት። ቴፑ ሲጀምር ብረት ብረትን የሚፍቅ ጩኸት ወጣ። የብርጭቆ ሣጥናችን ተንጫጫ። የጎረቤት ውሻ አላዘነ። አጎቴ ጥርሱን ነክሶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ባለወረቀቱ ፈገግታው ሳይፈርስ ዓይኖቹን ብቻ ጨፈነ። እኔ ዙሪያውን አየሁና፣ እውነተኛ ድምፅ ማለት ሰውን የሚያስለቅስ ነው ለካ አልኩ። ደረቴን ይዤ ላለቅስ ሞከርኩ።

«አሁን!» አለ አባቴ ፊቱ በርቶ። «አሁን ተለየ! ሰማችሁ? ይሄ ነው ልክ!»

እናቴ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛለች። መርፌዋን አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችና ወደ ቴፑ ሄደች። እሷ ማሽን የሚባል ነገር አትፈራም። ክሩን ትንሽ መለሰችው፤ ሽቦውን ወደ ወንድሟ ሣጥኖች አዛወረች፤ ቁልፏንም ወደ ቦታዋ መለሰቻት።

«አንድ ነገር ላጥራ» አለች። «ይሄ የትኛው ነው?»

«ዷ» አለ ሣጥኑ።

«ደህናው ነዋ!» አለ አባቴ። «ያንቺ ወንድም ሣጥን አጨናብሶት ነው እንጂ ደህናው ነው።»

አጎቴ አፉን ሲከፍት እናቴ እግሩን ረገጠችው። በደንብ ነው የረገጠችው፤ ወዲያው አፉን ገጠመ። እኔ ለሣጥኖቹ እንዳይከራከር መሰለኝ። እሷ ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በልኩ ያልተሰፋ ልብስ እንደምታይ።

«ልክ ነህ» አለች። «በቃ ነጮቹን ያዝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚጥመኝን ብቻ ነው የማውቀው።»

አሸነፍን ብዬ ዘለልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ቀን ሁሉንም ነገር በልኩ የሰማችው ሴት «የሚጥመኝን ብቻ ነው የማውቀው» አለች፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአባቴ ጆሮ ሃያ ዓመት በመዶሻና በባቡር ፊሽካ ተደብድቦ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ቀስ በቀስ ጥሎት ሄዷል፤ ሲሄድም አልተሰናበተውም። መዶሻው ሲነጥር በእጁ ይሰማው ነበር እንጂ ጆሮው መስማት ካቆመ ቆይቷል። ይህን ግን ያኔ አላወቅኩም፤ እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ሦስት ከወለድኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን አጥብቃ እየጎነጎነች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከአባትሽ ጋር ሥራ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ሙያውን ልትወርስ ትፈልጋለች ብዬዋለሁ፤ ደስ ብሎታል። አሁን ስሚኝ። እሱ ሲመታ አብረሽ ትሰሚያለሽ። እያንዳንዱን። ድምፁ የሞተ ጎማ ካጋጠመሽ እጁን ያዢና 'አባዬ ድገምልኝ፣ አልሰማሁትም' በይው። ይሄን ብቻ። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

«ሰምቼው ከሆነስ?»

«ሰምተሽም ቢሆን።»

«መዋሸት አይሆንም?»

«ጉድ ነው! የባለጆሮው ልጅ!» ብላ ጉንጉኑን ሳብ አደረገችው። «ልጅ አልሰማሁም ቢል ማንም አይስቅበትም። ገባሽ?»

አልገባኝም። ወራሽ መሆኔ ብቻ ነው የገባኝ። የሰፈሩ ልጆች ደብተር ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ እኔ የአባቴን ምሳ ዕቃ ይዤ ወደ ጣቢያው ስወርድ፣ አዘንኩላቸው። እነሱ ፊደል ሊቆጥሩ፤ እኔ ባቡር ልፈቅድ!

ጣቢያው ላምባና ትኩስ ብረት ይሸታል። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በጠጠሩ ላይ እየተንገጫገጭን ፉርጎ ለፉርጎ እንሄዳለን። ይመታል፤ አንገቱን ያዘነብላል፤ እኔም አዘነብላለሁ። «ይሂድ» ይላል፤ እኔም በልቤ «ይሂድ» እላለሁ። ጽዳት ሠራተኞቹ ሲያዩን፣ «ትልቁ ጆሮና ትንሿ ጆሮ መጡ» ይላሉ። አንዷማ፣ «ልጅት፣ የእኔን ባል መትተሽ ስሚልኝ፤ ከውስጥ የተሰነጠቀ ይመስለኛል» ብላ አባቴን ሳይቀር አሳቀችው። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሄደ። ሁሉም ጎማ ጮኸ። ቤት ስመለስ እናቴ በየቀኑ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ «ዛሬስ?» እኔም፣ «ሁሉም ይጮሃል» እላታለሁ። ያኔ ትከሻዋ ወረድ ይላል። እኔ አንሶላ ደክሟት ነው እል ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመንገደኛ ባቡር ነው። በየመስኮቱ ሴቶች ልጅ አስቀምጠዋል፤ ሰው ከታች ሆኖ መልእክት ይጮሃል፤ አንዱ በመስኮት ሻንጣ ያሾልካል። የጣቢያው አለቃ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎናችን ይሄዳል፤ ሰዓቱን እያየ። አራተኛው ፉርጎ፣ ሦስተኛው ጎማ ላይ አባቴ መታ።

«ዷ።»

አባቴ አንገቱን አዘነበለ። «ይሂድ» ብሎ አለፈ።

እናቴ ያለችኝን አስታውሻለሁ፤ አልረሳሁትም። ግን አለቃው ቆሟል። እኔ የባለጆሮው ልጅ፣ ወራሹ፣ በአለቃው ፊት አልሰማሁም ልበል? ሞቼ ነው!

«ይሄ ተሰንጥቋል!» አልኩ።

አባቴ ዞረ። «የቱ?»

«ይሄኛው!»

ተመለሰና መታው። «ዷ» አለ። አጎነበሰ፤ እንደገና መታው። እጁን ጎማው ላይ አሳረፈ። «ደህና ነው» አለ። ለአለቃውም፣ «ልጅ ናት» አለው።

«ዷ ነው ያለው አባዬ! ሌሎቹ ቅጭል አሉ፣ ይሄ ዷ!»

አለቃው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። «ዘይት አምጡ» አለ።

ዘይት አምጥተው ጎማውን ቀቡት፤ ጠረጉት፤ ከላይ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ጠበቅን። ነጩ ጠመኔ ላይ ከመሃል ወደ ጠርዝ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ቀስ እያለች መጣች፤ ስንጥቁ የዋጠውን ዘይት መልሶ እያወጣ ነው። ላያችን ላይ በመስኮቱ የተቀመጠ ሕፃን እግሩን እያወዛወዘ ጫማውን ጠጠሩ ላይ ጣለ። ማንም አላነሳለትም።

አባቴ ያቺን መስመር ሲያያት ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ያኔ ስም አላወጣሁለትም። ሰው የራሱን ቤት በር አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው ሲከፍትለት እንዲህ ይሆናል።

«ባለጆሮው?» አለ አለቃው ቀስ ብሎ።

አባቴ ቀና አለ። «እየፈተንኳት ነበር» አለ።

አለቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዘር ነው እንጂ! ዘር!» እያለ ራሴን ዳበሰኝ። ፉርጎው ተፈታ፤ መንገደኛው እየተራገመ ወረደ። ባቡር ዘገየ ብሎ የሚራገም ሰው ከምን እንደተረፈ ቢነገረውም ያው ይራገማል። እኔ ግን በደስታ ሰክሬያለሁ። ፈተና ነበር፤ አልፌያለሁ!

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ መንገድ ዳር ያለውን የመብራት ምሰሶ ሁሉ በመዶሻው መታ ያደርግና ይቆማል። «ይሄስ?» ይለኛል። «ይጮሃል።» ትንሽ ሄደን ሌላውን። «ይሄስ?» «ይጮሃል አባዬ፣ እስካሁን ይጮሃል።» ጆሮውን ምሰሶው ላይ ለጥፎ የቆመበትም ነበር። ሰው እያየን ነው። ምን ዓይነት ጥብቅ አስተማሪ ነው ብዬ ኮራሁ።

በማግስቱ ከጣቢያው አለቃ ቢሮ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሲገባ መዶሻውን ይዞ ነበር፤ ሲወጣ አንድ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ይዟል። «ከዛሬ ጀምሮ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በእኔ እጅ ነው» አለኝ። ሃያ ሦስት ቁልፍ! አንድ መዶሻ ሰጥቶ ሃያ ሦስት ቁልፍ! ሰፈሩን ሁሉ «አባቴ ተሾመ» እያልኩ ዞርኩ፤ ጎረቤቶቻችንም፣ አቤት ጨዋነታቸው፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» አሉን።

ሹመቱ እንዲህ ነበር። ገብቶ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ጆሮዬ ሄዷል። ትናንት ዋሽቼዎታለሁ» አለ። አለቃው ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ማን አወቀብህ? ልጅቷን ይዘህ ሥራ! ሪፖርቱ ላይ እኮ ሃያ ዓመት ያለ አንድ ስብራት ብለን ለበላይ ጽፈናል!» ለእሱ የባለጆሮው ስም ከጆሮው ይበልጥበታል። አባቴ፣ «ሦስት መቶ ሰው በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ አልጭንም» አለው። ደመወዙ ቀነሰ፤ ግምጃ ቤት ከመዶሻ ያነሰ ነው። እናቴ ሁለተኛ ማሽን ተከራየች፤ ማሽኑ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እኔ ከተቀመጥኩበት የሚወጣ አንሶላ ጠርዙ እንደ ባለወረቀቱ መስመር ቀጥ ይል ነበር፤ ያለ ወረቀት።

አባቴ ያንኑ ቀን ነጮቹን ስፒከሮች በጋሪ ጭኖ መለሰ። ባለወረቀቱ ወረቀቱን እያውለበለበ እስከ መንገድ ተከተለው አሉ። ቤት ሲመጣ የእናቴን ማሽን ከኩሽና ተሸክሞ መስኮት ሥር መለሰ፤ መጋረጃውን ሰቀለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«የወንድምሽን ሣጥኖች አገናኚልኝ።»

«ልክ የሆኑት እነዚያ ነበሩ ብለህ የለ?»

«ብዬ ነበር» አለ።  እሷም አልጠየቀችም፤ ዝም አይነቅዝም። ሽቦውን ስታገናኝ ግን ጀርባዋን ሰጥታን ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። እኔ በአባቴ ተናድጃለሁ። ሃያ ሦስት ቁልፍ የያዘ ሰው ለሚስቱ ምርጫ እጁን ይሰጣል? ወንድ አይደለም እንዴ?

እናቴ የምትወዳትን ዘፋኝ ሸክላ፣ መሃሉ ላይ ቫዮሊን የሚገባበትን፣ አስገብታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። አባቴ በጠመኔ የተከበበውን ወንበር ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ መዳፉን በአጎቴ ሣጥን ላይ፣ መጋረጃው ጨርቅ ላይ አሳረፈ። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ጣቶቹ ይነሳሉ ይወድቃሉ። ቁልፏን አልነካትም።

«ቫዮሊኑ ገባ?» አለኝ።

ሌላ ፈተና ነው ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እስኪሞት ድረስ እንዲህ ፈተነኝ፤ እኔ በዕድሜዬ ከዚህ ሌላ ፈተና ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

«ገና ነው አባዬ።»

«አሁንስ?»

«ገና። ትንፋሽ እየሳበች ነው።»

የእናቴ ማሽን ቆመ። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

«አሁን! አሁን ገባ!»

መዳፉን ከሣጥኑ ሳያነሳ ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፤ እየሰማ እንዳለ ሰው።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «አለፍሽ።»